ቆዳ መቅረጽ ለማስተማር ደጋግሞ የሚያገለግል ፓተርን፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ለ12 ወጣቶች ቆዳ ላይ ቅርጽ ማውጣት አስተምራለሁ። ቦታው አዲስ አበባ፣ አንድ ጫማ ሰሪ ወዳጄ የለቀቀልኝ ጓሮ ነው። ያለን ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ሰዓት ንድፍ በመገልበጥ ያልቃል። አበባውን ወረቀት ላይ እስላለሁ። ወረቀቱን በረጠበው ቆዳ ላይ አስቀምጠን መስመሩን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እንከተላለን። ወረቀቱ ውሃ ይጠጣል፣ ይላላል፣ ሦስተኛው ተማሪ እጅ ላይ ይቀደዳል። አራተኛው ጋ ሲደርስ አበባው አበባ አይመስልም።

ስለዚህ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጠየቅሁ። ውሃ የማይፈራ፣ ሃያ ሠላሳ ተማሪ ቢነካካው የማይበላሽ ፓተርን ከየት ይገኛል? ካልተገኘስ በምን ይሠራል? የምንሠራው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብርጭቆ ማስቀመጫ እንደሆነ፣ ቆዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዳለው ጻፍኩ። አንድ ነገርም ጨመርኩ። ብዙ ጊዜ በደንብ የተጫንነው መስመር ቆዳው ሲደርቅ ተመልሶ ይጠፋብናል። ይህን ያልኩት እግረ መንገዴን ነበር። በኋላ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ሆኖ ተገኘ።

መልሶቹ ብዙ ናቸው። መሐል ላይ ጭቅጭቅም አለ። አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይሰለች በቁጥራቸው እየጠራሁ ልንገራችሁ።

መልስ 1 በትሕትና የጀመረ ሰው ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ቆዳውን በቢላ እየቆረጥን ነው የምንቀርጸው ወይስ በማኅተም ብቻ ነው የምንጫነው ብሎ ጠየቀ። በቢላ ነው አልኩት። ሥራውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ይኸው። ቆዳው በስፖንጅ ይርሳል። ላዩ ወደ ራሱ ቀለም መመለስ ሲጀምር፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ሳለ፣ ንድፉ ይገለበጥበታል። ከዚያ በዟሪ ቢላ፣ ማለትም ራሱ ላይ ጣት አርፎበት ምላጩ ከሥር በሚዞር ቢላ፣ ከውፍረቱ ግማሽ ሳያልፍ መስመሩ ይቆረጣል። ቀጥሎ ከተቆረጠው መስመር አንዱን ወገን ብቻ በማኅተምና በእንጨት መዶሻ ወደ ታች ማስተኛት ነው። ያኔ አበባው ከፍ ብሎ ይወጣል።

መልስ 2 ከዳላስ የመጣ ነው። ጸሐፊው አሜሪካ ቆዳ መቅረጽ የተማሩት በጎረቤታቸው፣ በአንድ ጡረተኛ ኮርቻ ሰሪ እጅ ነው። እኔ የምፈልገው ነገር እዚያ ድሮ እንደነበረ ነገሩን። ስሙ ክራፍትኤይድ ይባላል። ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ ነው። ከበታቹ የአበባው መስመር ከፍ ብሎ ወጥቷል። እርጥብ ቆዳ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በማንኪያ መፈግፈግ ብቻ ነው፤ መላው ንድፍ በአንድ ደቂቃ ይታተማል። ብዙዎቹን የሳላቸው አል ስቶልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በ1998 ያረፈ፣ በዚህ ሙያ አሜሪካ ውስጥ ስሙን የማያውቅ የሌለ ሰው ነው። ይሸጡ የነበሩት ታንዲ በሚባሉ የቆዳ ሥራ ዕቃ ሱቆች ነበር። ታንዲ ራሱ የተመሠረተው እሳቸው ካሉበት ብዙም በማይርቀው ፎርት ዎርዝ ነው። ዛሬ ግን እነዚያን ላስቲኮች የሚፈልግ ሰው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ነው የሚሄደው። እንደ ቅርስ የሚሰበስቧቸው ሰዎች ስላሉ ዋጋቸው ወጥቷል።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሐሳቡ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ብቻ አበረታኝ።

መልስ 3 ግን ወዲያው አቀዘቀዘን። ከውጭ ማስመጣት ለአንድ የጓሮ ክፍል መፍትሔ አይደለም አለ። መላኪያው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ ደርሶ እስኪመጣ መጠበቁ አለ። ከዚያ አሮጌ የራጅ ፊልም እንድንጠቀም ነገረን። ይህ ሰው ልብስ ሰፊ ነው፤ የአንገትና የኪስ ፓተርኑን በራጅ ፊልም መቁረጥ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ፊልሙን በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ጥቁሩ ሽፋን ይላቀቃል፣ ሰማያዊ የሚል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀራል። ውሃ አይጠጣም፣ አይቀደድም። ሥዕሉን ከሥሩ አድርጎ በማይለቅ ማርከር መገልበጥ፣ ወይም በቀጭን ምላጭ መቁረጥ ይቻላል። ከተቆረጠ ግን ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚያያዝበት ድልድይ መተው አለበት። ያለዚያ መሐሉ ይወድቃል።

መልስ 4 አንዲት ነርስ ናት። በሁለት ነገር አስጠነቀቀችን። የራጅ ፊልም ጥግ ላይ የሰው ስም አለ። በረኪናው ያጠፋዋል ብላችሁ አትተማመኑ፣ መጀመሪያ ቆርጣችሁ አቃጥሉት አለች። ሁለተኛው በረኪናው ነው። ጓንት ይደረግ፣ ውጭ ይሠራ፣ ከአሲድና ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል። የሚወጣው ጥቁር ውሃ ብር ስላለበት ጓሮ አትክልት ላይ እንዳይደፋም አከለች። ይህን መልስ አትዝለሉት።

መልስ 5 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አባታቸው ጎጃም ውስጥ የመጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። ሁላችንም የአሜሪካ አበባ ላይ ተንጠልጥለን ስናወራ እሳቸው ወደ ቤታችን መለሱን። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፣ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው ላይ በጋለ ብረት ጌጥ ይታተማል። ያ ነው ድጉስ። አባታቸው ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ ኖሯቸው አያውቅም። የነበራቸው ማስመሪያና ጥቂት ብረቶች ነበሩ። መጀመሪያ የገበታው ዙሪያ በመስመር ይከበባል። ከዚያ ውስጥ ሌላ ክፈፍ፣ ከዚያም ሌላ። ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር ሲሰመር መሐሉ ይታወቃል። መስቀሉ የሚቆመው እዚያ ነው። በክፈፎቹ መካከል ያለውን መንገድ አንዲት ትንሽ ብረት እየተደጋገመች ትሞላዋለች። ብረቷ ከሰል ላይ ትግላለች፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ትፈተናለች። ከመጠን በላይ ከጋለች ቆዳውን ታሳርረዋለች፣ ከቀዘቀዘች ምልክት አትተውም።

እሳቸው ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። ፓተርኑ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ፓተርኑ አሠራሩ ነው። ልኬቱን ያወቀ ልጅ ትንሽም ትልቅም መጽሐፍ ቢሰጡት ያንኑ ጌጥ ያወጣል። እኔ አስተማሪ ሆኜ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆቹ አንዲት የተሞረደች ሚስማርና ማስመሪያ ብቻ ሰጥቼ ሞከርኩት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ አሥራ ሁለቱም ክፈፍ ሠሩ። አንዱም ከሌላው ጋር አልተመሳሰለም።

መልስ 6 ሻካራ ነበር። ድጉስና ቆዳ መቅረጽ የማይገናኙ ሙያዎች ናቸው፣ አንዱ በሙቀት መጫን፣ ሌላው በቢላ መቁረጥ ነው፣ ሳታውቁ አታቀላቅሉ ብሎ ጻፈ። ልዩነቱን በትክክል ነው የተናገረው። አነጋገሩ ግን ለሽማግሌ የሚገባ አልነበረም። መልስ 7 ይህንኑ በቁጣ ነገረው። መልስ 8 ከሐረር ስለመጣ ነገሩን አበረደው። እዚያም የቁርዓን ጥራዝ ቆዳ ላይ ጌጥ መጫን የቆየ ሙያ ነው። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ጌጥ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ትንንሾች ይታተማሉ። ማኅተሙ ራሱ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ ፓተርን ነው። የሸሪፍን ሙዚየም የጎበኘ ሰው የድሮዎቹንም አዲስ የተጠገኑትንም ጥራዞች ማየት ይችላል።

መልስ 9 አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው። ክራፍትኤይዱን በስሪ ዲ ፕሪንተር አትመን መተካት እንደምንችል አሳየን። ቁጥሮቹን ሳልቀንስ ላስቀምጣቸው፣ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። መሠረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከሳሳ ይጎብጣል። መስመሩ ከመሠረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ ስፋቱ 0.8 ይሁን። ፕላስቲኩ የሚወጣበት የፕሪንተሩ አፍንጫ 0.4 ከሆነ ሁለት ጊዜ ይመላለስበታል ማለት ነው። የመስመሩ ጫፍ ስለት ከሆነ ቆዳውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት አንድ ሁለቴ ማለፍ ያስፈልጋል። ቆዳው ላይ ሲታተም በሁለት ጣውላ መሐል አድርጎ በሞርሳ መጭመቅ ከማንኪያ ይሻላል። ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚለሰልስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥዕሉ በፕሪንተሩ ከመታተሙ በፊት እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። እኔ ይህን ዘንግቼ የተማሪዎቹን የስም ፊደላት አሳተምኩ። ቆዳው ላይ ሲወጡ ሁሉም ዞረው ወጡ። አበባ ቢዞር ማንም አያውቅበትም፤ ፊደል ግን ይታወቃል። ገንዘቡም ጊዜውም ቆጨኝ።

መልስ 10 ላይ ጭቅጭቁ ተነሣ። ይህ ሰው ራሱም አስተማሪ ነው። መሳል የማይችል ልጅ መቅረጽ አይችልም፣ ፓተርን ማደል ልጁን ቅጂ አድርጎ ማስቀረት ነው፣ እናንተ ባለሙያ ሳይሆን ማሽን ነው የምታወጡት አለ። መልስ 11 በተመሳሳይ ቃና መለሰለት። የኔታ ገበታው ላይ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ሲያስቆጥሩን ሀ የእኛ ፈጠራ አልነበረም፣ ማንም ግን ቅጂ ሆናችሁ አላለንም አለ። ሁለቱ ከመልስ 12 እስከ 15 ድረስ ተመላለሱ። እሱን ልለፈው፤ ወደ መጨረሻው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ሆነ።

መልስ 16 አንዲት የሥዕል መምህርት ነች። ሁለቱንም አስታረቀቻቸው ማለት እችላለሁ። ፓተርኑ ሦስት ደረጃ ይኑረው አለች። መጀመሪያው ላይ መላው የውጭ መስመር ይኑር። ሁለተኛው ላይ ግንዱና የአበባው ክብ ብቻ፣ ቅጠሉን ተማሪው ይጨምር። ሦስተኛው ላይ ዙሪያውና የመሐል መስመሩ ብቻ። የውስጥ ጌጡ ደግሞ፣ ማለትም የቅጠሉ ሥርና በቢላ የሚጨመሩት ቀጫጭን ጭረቶች፣ በአንደኛውም ደረጃ ቢሆን ፓተርኑ ላይ አይግባ።

እኔም ከዚህ ሁሉ ውይይት ይዤ የወጣሁት ይህንን ነው። የክፍሌን ፊልሞች አሁን በሦስት ቀለም ማርከር ለይቻቸዋለሁ። ጥላና ጭረት ያለበት ፓተርን ለልጅ ከሰጠኸው ዓይኑ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። ባዶ መስመር ከሰጠኸው ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ራሱ መወሰን አለበት። እጁ የሚፈታውም ያን ጊዜ ነው። መልስ 10 የፈራው ነገር እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ፓተርኑን መጣል አይደለም።

መልስ 17 እስካሁን ማንም ያላነሳውን ጠየቀኝ። ቆዳው ምን ዓይነት ነው? ይህ ሰው ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ነው። መስመሩ ሲደርቅ የሚጠፋው ፓተርኑ ስለደከመ አይደለም፣ ቆዳው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ስለሆነ ነው አለ። በክሮም የለፋ ቆዳ እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነሳል፤ ቅርጽ አይዝም። ለቅርጽ የሚሆነው በዕፅዋት የለፋ ብቻ ነው። መለያውንም ነገረኝ። ጠርዙን ቆርጠህ መሐሉን እይ። ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ክሮም ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ የዕፅዋት ነው። ላዩ ቀለም የተቀባ ከሆነና ካላወቅህ ደግሞ ቀጭን ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ጣል። የዕፅዋቱ ይጨማደዳል፣ የክሮሙ ችሎ ይቆያል።

የዚያኑ ቀን ማታ ቁርጥራጮቼን ሁሉ አወጣኋቸው። ከ30 ቁራጭ 18ቱ መሐላቸው ግራጫ ነበር። የሸጠልኝ ሰው ሁሉም ለቅርጽ ይሆናል ብሎኝ ነበር። ለወራት ልጆቹን እጃችሁን አጥብቁ ስል ነበር። ጥፋቱ የእነሱ እጅ አልነበረም። ቅዳሜ ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኋቸው።

መልስ 18 እና 19 በዕፅዋት የለፋ ቆዳ የት እንደሚገኝ ተናገሩ። አንዱ ሞጆ ያሉትን ፋብሪካዎች ቁርጥራጭ እንድጠይቅ መከረ፣ ሌላው የሶል ቆዳ የሚሸጡ ነጋዴዎችን። የሶል ቆዳ ግን ጠንካራ ስለሆነ በደንብ መራስ አለበት፤ አንድ ሌሊት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያድር ይሻላል።

መልስ 20 ከርዕሱ ወጣ፣ ግን ማንም ወደ ርዕሱ ተመለሽ አላላትም። የጻፈችው የወሎ ልጅ ናት። አያቷም እናቷም ቆዳ አልፊዎች ነበሩ። ጠጉሩ ተፍቆ፣ ቆዳው በእምቧይ ታሽቶ፣ ቀይ እንዲሆን ቀንጠፋ ገብቶበት እንዴት እንደሚለፋ ጻፈችልን። ከዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የፋቂ ልጅ እየተባለች እንዳደገች ተናገረች። ስድብ ነበር። ውሃ ከአንድ ጣሳ የማይጠጡላት ልጆች ነበሩ። አዲስ አበባ መጥታ ለብዙ ዓመት የወላጆቿን ሙያ ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ብርቅ ነው ብላችሁ ስትፈልጉ ማየቴ ገረመኝ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችው እሱን ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም። መጀመሪያ የተመለሰው ያ ሻካራው መልስ 6 ነው። በአክብሮት አመሰገናት፣ እናቷንም ሰላም በይልኝ አለ። ለመልስ 5 ባለቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ መልስ 21 ነው።

መልስ 22 እና 23 ስለ መስቀል ነበሩ። አንዱ የድጉስን መስቀል ቀበቶና ጫማ ላይ የሚያደርጉ ሰዎችን አጥብቆ ወቀሰ። ሰው የሚቀመጥበትና የሚረግጠው ነገር ላይ መስቀል አይደረግም አለ። ሌላው ጌጥ የሕዝብ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ። የብርጭቆ ማስቀመጫ ላይም አላደርገውም። በምትኩ የአክሱም ሐውልት ላይ የተቀረጸውን መስኮት ወስጃለሁ። አራት ማዕዘን ነው፣ ይደጋገማል፣ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። የመሶብ ስፌትና የጥበብ ጥለትም እንዲሁ ለክፈፍ ይሆናሉ።

መልስ 24 የድሮ ጥራዞችን ፎቶ ለሚፈልግ ጠቆመን። ባልቲሞር ያለው የዋልተርስ ሙዚየም የኢትዮጵያ ብራናዎቹን ከነሽፋናቸው በነፃ አስቀምጧል። ማንም ማውረድ ይችላል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት ብራናዎች 350 ገደማዎቹ ያሉት ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ የሳይበር ጥቃት ከደረሰበት ወዲህ ግን ድሮ የያዛችሁት ሊንክ ላይከፍት ይችላል። የራሳችን የአባቶች ሥራ ፎቶ እንኳ እንዲህ በሰው እጅ መሆኑ ያማል።

መልስ 25 ስለ መብት አስታወሰ። የሺህ ዓመት ጌጥ ባለቤት የለውም፤ በሕይወት ያለ ሰው የሳለውን አበባ ግን ስካን አድርጎ ፋይሉን መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እኔ የምጠቀምባቸውን ሁሉ አሁን ራሴ ነው የምስላቸው።

መልስ 26 ዟሪ ቢላ ከየት ልግዛ የሚል ነበር። መልስ 27 አትግዛ፣ ራስህ ሥራው አለው። ከምናለሽ ተራ ትንሽ ኩሽኔታ፣ ለምላጩ የሰጌቶ ስባሪ፣ ለእጀታው የብረት ቱቦ። ኩሽኔታው ጣት የሚያርፍበት ራስ ላይ ይገባል፣ ምላጩ ከሥር ይዞራል። ማኅተም ደግሞ ከትልቅ ሚስማር በሞረድ ይወጣል። እኔ እንዲህ የሠራሁት ቢላ ስለቱ እንደተገዛው አይቆይም። ብዙ ጊዜ መሳል ይፈልጋል። ለመማሪያ ግን በቂ ነው።

የመጨረሻው መልስ 28 እንደገና የወሎዋ ልጅ ነበር። ትምህርቱ ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አልኳት። እናቷን ይዛ መጣች። እትዬ በነጠላቸው ጠቅልለው አንድ ክንድ የሚሆን በእምቧይ የለፋ የበሬ ቆዳ አምጥተው ነበር። ልጆቹ ተሰብስበው አሸተቱት። ጠርዙን ቆርጠን አየነው፤ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። አረጠብነው፣ የአክሱሙን መስኮት አስቀመጥንበት፣ በሞርሳ ጨመቅነው። ሲወጣ እትዬ መስመሩን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ቁራጩን መስኮቱ ደፍ ላይ ለፀሐይ ተውነው። ልንዘጋ ስንል ደርቆ ነበር። መስመሩ እንዳለ ነው።